ለትራውትና ለቆሮሶ የጃፓን ዘንግ፦ ከማጠንጠኛው አትጀምር

የሐረሩ ወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ታናሽ ወንድሙ ኦሳካ ይማራል። ለበዓል ሲመጣ ለባሌ ወንዞች ዓሣ ለትራውትና ለቆሮሶ የሚሆን እጅግ ቀላል የጃፓን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ እንዲያመጣለት አዞታል። ልጁ ግን ዓሣን የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው። ስለዚህ «ስሙንና ቁጥሩን ብቻ ንገሩኝ፣ እንዳለ ልላክለት» ይላል። እስካሁን የተሰጡትን መልሶች አነበብኳቸው። ግማሹ «ሺማኖ»፣ ግማሹ «ዳይዋ» ይላል፤ የኳስ ደጋፊዎች ክርክር ይመስላል። ሁለቱም ጥሩ የጃፓን አምራቾች ናቸው፤ በዚህ ጊዜ አናጥፋ።

እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጋራዥ ውስጥ ከጥርስና ከኩሽኔታ ጋር ስለሆነ ማጠንጠኛ ሳይ ፈትቼ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያውን ዕቃ የገዛሁት እንደማንኛውም ጀማሪ በዓይኔ ነው። የሚያብረቀርቅ ትልቅ ማጠንጠኛ፣ የመጠን ቁጥሩ 4000፣ ከወፍራም ዘንግ ጋር። ሻጩ «ይህ አዞ ያወጣል» አለኝ። ውሸቱን አልነበረም፤ ዕቃው ለአዞ እንጂ ለእኔ ዓሣ አልተሠራም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወንድምህን ሳይሆን ራስህን ጠይቅ፦ የምወረውረው ነገር ስንት ግራም ነው? የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። ዘንግ የሚወረውረው በክንድህ ጉልበት አይደለም። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክብደት ያጎብጠዋል፣ ሲቃና ደግሞ ይወነጭፈዋል። ክብደቱ ካላጎበጠው እንጨት ይዘህ አየር እንደመግረፍ ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ቀን ወደ ማታ፣ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ዘንግ ይዤ ወረድኩ። መንጠቆዋን ያወለቅኩላት ባለ 2 ግራም የማንኪያ ቅርጽ ማታለያ (ዓሣው ምግብ መስሎት የሚነክሰው ሰው ሠራሽ ነገር) አሰርኩ። በወፍራሙ ዘንግ ስወረውር በእርምጃ ስምንት ሆነ። በቀጭኑ የጃፓን ዘንግ፣ በዚያው ክንድ፣ ሃያ አራት። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው «ጋሼ፣ አሸዋ ውስጥ ዓሣ አለ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬም አንዳንዶቹ በዚያ ያስታውሱኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የጃፓን ዘንግ ላይ «ኤስ60ዩኤል» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታያለህ። «ኤስ» ከዘንጉ ሥር ለሚንጠለጠለው ክፍት ማጠንጠኛ የተሠራ ነው ማለት ነው። 60 ማለት 6 ጫማ ከ0 ኢንች፣ 183 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። «56» ካለ 5 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፤ አምስት ነጥብ ስድስት ጫማ ብለህ እንዳታሰላው። «ዩኤል» እጅግ ቀላል፣ «ኤል» ቀላል፤ ከፊቱ «ኤክስ» ሲጨመር ከዚያም የለሰለሰ። ከጎኑ የማታለያው ክብደት ይጻፋል፣ ለምሳሌ ከ1 እስከ 6 ግራም። በእኔ ልምድ ዘንጉ በደንብ የሚሠራው መሐል ላይ ነው፤ ከ1 እስከ 6 የሚለው እውነተኛ ቤቱ ከ2 እስከ 4 ነው። ሁለቱን ጫፎች ችሎ ያልፋቸዋል እንጂ አይወዳቸውም።

የሚያሳስተው ግን ቁጥሩ ሳይሆን ክፍፍሉ ነው። ጃፓኖች የትራውት ዘንግን ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ለተራራ ወንዝ ነው። የእነሱ ወንዝ ጠባብና ቁጥቋጦ የበዛበት፣ ዓሦቹም ያማሜና ኢዋና የሚባሉት፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ናቸው። 30 ሴንቲ ሜትር የሞላውን በጥንት መለኪያቸው «አንድ ሻኩ» ብለው ይኮሩበታል። ለዚህ የሚሆነው ዘንግ አጭር ነው፣ ከ4 ጫማ ተኩል እስከ 5 ጫማ ተኩል፤ ጠንከርም ይላል፤ ምክንያቱም ከ3 እስከ 5 ግራም የሆነ የሚሰምጥ የዓሣ ቅርጽ ማታለያ ወራጅ ውኃ ውስጥ እያንቀጠቀጠ ይጎትታል። ሁለተኛው ዓሣ ተረብቶ ለሚለቀቅባቸው የመዝናኛ ኩሬዎች ነው። ይህኛው 6 ጫማ አካባቢ፣ ጫፉ እንደ ሣር የሚታጠፍ፣ 1 ግራም ለምትሆን ማንኪያ የተሠራ። ወንድምህ ሱቅ ገብቶ «የትራውት ዘንግ» ብቻ ካለ ሻጩ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያወጣለት ዕድል ነው።

ለቆሮሶ ዓይነት ትንንሽ ዓሣ ደግሞ የተለየ መደርደሪያ አያገኝም። አሜሪካኖች በመጥበሻ ልክ ለሆኑ ዓሦች ሁሉ አንድ ስም ሰጥተው ዘንግ ይሠሩላቸዋል። ጃፓን ውስጥ ከእነዚያ ዓሦች ዋናው ብሉጊል የአገሩን ዓሣ የሚበላ ወራሪ ተብሎ ማርባቱም በሕይወት ማጓጓዙም በሕግ የተከለከለ ነው። ታሪኩ ይገርማል፦ እ.ኤ.አ. በ1960 የያኔው አልጋ ወራሽ አኪሂቶ አሜሪካን ሲጎበኙ የቺካጎ ከንቲባ ብሉጊል በስጦታ ሰጥተዋቸው ይዘውት ገቡ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም መዘዙን አይተው በይፋ አዘኑ። በዚያው በ1960 መጨረሻ እኛንም ጎብኝተዋል። በ1965 ደግሞ ለታይላንድ ንጉሥ የላኩት የዓሣ ስጦታ የዓባይ ቲላፒያ፣ ማለትም የእኛው ቆሮሶ ነበር። ሰውየው በዓሣ ጉዳይ ከሙያተኛ የማይተናነሱ ተመራማሪ ናቸው።

ወደ ጉዳያችን ስመለስ፣ ለቆሮሶ የሚቀርበውን ዕቃ የምታገኘው በባሕር ዳርቻ «አጂ» እና «ሜባሩ» ለሚባሉ ትንንሽ ዓሦች በተሠሩት ዘንጎች መደርደሪያ ላይ ነው። የአጂ ዘንግ ጫፉ ድፍን ነው፤ የዓሣው አፍ መንጠቆውን ሲነካ መዳፍህ ላይ ይሰማሃል። ከ1 ግራም በታች ያለውንም ይወረውራል። የሜባሩው ረዘም ይላል፣ ጫፉም አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ክፍት ነው።

የአጂውን እኔ ገዝቼ ወድጄው ነበር፣ እስከ አዋሽ ድረስ። አዋሽ ወንዝ ዳር ትል አድርጌ ቆሮሶ ስጠብቅ አንድ አምባዛ መጣ። ትልቅ አልነበረም፤ ክንድ አይሞላም። ማድረግ የነበረብኝ የማጠንጠኛውን ፍሬን ላላ አድርጎ ክሩ እንዲወጣለት መጠበቅ ነበር። እኔ ግን ጓደኞቼ እያዩኝ ስለነበር ዘንጉን ወደ ሰማይ አቅንቼ ከውኃው ላነሳው ፈለግሁ። ክብሪት ሲሰበር የምትሰማት ዓይነት ድምፅ፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል በክሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ አምባዛው ሄደ። ዓሣው አልሄደም፤ በኋላ በእጃችን ክሩን ጎትተን አወጣነው። የተሰበረውን ክፍል ለብቻ መግዛት የሚቻለው ጃፓን ባለ ሱቅ በኩል ነው። የአምራቾቹ ዋስትናም ባሕር አይሻገርም። ስለዚህ አምባዛ ባለበት ውኃ ድፍን ጫፍ አልመክርም።

ለአንተ የምለው እንግዲህ፦ ዘንጉ 5 ጫማ ከ6 ወይም 6 ጫማ፣ «ዩኤል»፣ ከ1 ወይም ከ1.5 እስከ 6 ግራም፣ ጫፉ ክፍት፣ ሁለት ቁራጭ፣ ለተራራ ወንዝ ከተሠሩት መካከል ረዘም ያለው ይሁን። ባሌ ላይ ብቻ የምታጠምድ ቢሆን 5 ጫማ እልህ ነበር። ዲንሾ አካባቢ ያለው የወይብ ወንዝና ዳንካ ጠባብ ናቸው፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውትም ዳር ዳሩን ከሣሩ ሥር ይቆማል። ግን አንተ ዝዋይም ላንጋኖም ወርደህ ለቆሮሶ ቡሽ ተንሳፋፊ ልትወረውር ነው፤ እዚያ አጭር ዘንግ ያንገበግብሃል። በስም ካስፈለገህ ከመካከለኛ ዋጋው የሜጀር ክራፍት «ፋይንቴይል» የሚባለውን ተጠቅሜ አልከፋኝም። ከፍ ካልክ የሺማኖ «ካርዲፍ»፣ የዳይዋ «ሲልቨር ክሪክ»፤ ገንዘብ ከተረፈህ የቴንሪዩ «ሬይዝ»። የመጨረሻውን በሰው እጅ ይዤ ነው የማውቀው፤ ስመልስ እጄ ቅር ብሎታል።

ማጠንጠኛው ላይ «ሲ2000ኤስ» የሚለውን ይፈልግ። ይህ የሺማኖ አጠራር ነው። «ሲ» ሲቀድም አካሉ አንድ ደረጃ ያነሰ፣ ማለትም የ1000ው አካል ላይ የ2000 የክር መጠምጠሚያ ተገጥሟል ማለት ነው። በመጨረሻ ያለው «ኤስ» መጠምጠሚያው ጥልቀት የለውም ማለት ነው፤ ባለ 4 ፓውንድ ናይለን 100 ሜትር ብቻ ይይዛል። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ትንሽ ነው» ይላል። ለሃያ ሜትር ውርወራ ስንት ሊበቃህ ነው? ጥልቅ መጠምጠሚያ ላይ ቀጭን ክር ስታደርግ ከሥር ሌላ ክር ካልሞላህ ከጠርዙ ርቆ ይቀመጣል፤ ስትወረውር ጠርዙን እየፈተገ ውርወራህን ይበላዋል። ከዳይዋ ተመጣጣኙ «ኤልቲ2000ኤስ» ነው።

ከዚያ በኋላ «ኤችጂ» የሚል ከተጨመረ ጥርሱ ፈጣን ነው፤ እጀታውን አንዴ ስታዞር ክሩን የሚጠመጥመው ክፍል ስድስት ጊዜ አካባቢ ይዞራል፤ ያለዚያ አምስት አካባቢ ነው። ወንዝ ላይ ወደ ላይ ወርውረህ ማታለያው ከውኃው ጋር ወደ አንተ ሲመጣ ክሩን ቶሎ መሰብሰብ ስላለብህ ፈጣኑ ይጠቅማል። ቆሮሶ ላይ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ፈጣኑን ውሰድ።

ስለ ደረጃው፦ በዚህ መጠን ከሺማኖ ማጠንጠኛዎች «ስትራዲክ» 185 ግራም፣ «ቫንፎርድ» 150 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። 35 ግራም ምንድን ነው ትል ይሆናል። 80 ግራም በማይሞላ ዘንግ ላይ ከቀትር በኋላ የእጅ አንጓህ ይነግርሃል። ዋናው ልዩነት ግን ሚዛኑ ላይ የሚታየው አይደለም፤ የቫንፎርድ ተሽከርካሪ ክፍል ቀላል ስለሆነ ገና እጀታውን ስትነካው ይነሳል፣ ስትተወው ይቆማል። ለ2 ግራም ማንኪያ ይህ ነው የሚፈለገው። ከእነዚህ በላይ ያሉትን፣ የሺማኖ «ስቴላ»ንና የዳይዋ «ኤግዚስት»ን፣ ለሚችል ሰው ተዋቸው። በእኛ አቧራ ውስጥ እንደዚያ ያለ ዕቃ ይዞ መዞር ያስጨንቃል።

አቧራውን ካነሳሁ፣ የጋራዥ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። ዳይዋ አንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ በማግኔት የሚያዝ ዘይት ውኃና አቧራን ይዘጋል። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ነገር ግን ያ ቦታ ላይ ሌላ ዘይት እንዳታስገባ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፤ የሚታደሰው በእነሱ አገልግሎት ነው። ኦሳካ ለሚኖር ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን በየሁለት ወሩ ፈትቼ በነጭ ጋዝ አጥቤ ስስ ግራሶ መቀባት ስለምፈልግ ያንን አልመርጥም። ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ደግሞ ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ ተሽከርካሪ ናት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው የዴንጎጎ መንገድ አቧራ አንድ ጉዞ ይበቃታል፤ መንጫጫት ከጀመረች አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ክር ላይ አጭር ልሁን። አሁን ሁሉም የተገመደውን «ፒኢ» ያወራል። ቀጭን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሩቅ ይሄዳል። ግን አይለጠጥም፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ድንጋይ ሲነካው ያልቃል፣ ጫፉም ላይ ሌላ ክር መቋጠር አለብህ። ለጀማሪ ባለ 4 ፓውንድ ናይለን ይበቃል፤ ውፍረቱ 0.165 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በጃፓን ቁጥር 1 ይባላል። ትራውቱ ሲዘልም ሆነ አንተ ስትደነግጥ መለጠጡ ያድንሃል። እኔ «ፒኢ» 0.4 አድርጌ ባሌ ላይ በነፋስ ቀን ቀለበቶቹ ላይ ተጠምጥሞብኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቋጠሮ ስፈታ፣ አጠገቤ ያለው ሽማግሌ አስጎብኚ በናይለን ሦስት ዓሣ አወጣ። ሲያወጣም አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ይህ ነው የተሰማኝ። (እዚያ ስትሄድ ፈቃዱን ዲንሾ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀድመህ ያዝ፤ ወንዝ ዳር ደርሶ መመለስ አለ።)

ገንዘቡ ካልበቃ ከዘንጉ ሳይሆን ከማጠንጠኛው ቀንስ፤ ብዙዎች በተቃራኒው ነው የሚያደርጉት። ረከስ ያለው የሺማኖ «ናስኪ» ማጠንጠኛ ከጥሩ ዘንግ ጋር ያጠምዳል። ቫንፎርድን ደረቅ ዘንግ ላይ ብትሰቅለው ግን 2 ግራም አይወረውርልህም፤ ደቻቱ ላይ ያየሁት ይኸው ነው። ጃፓን ውስጥ «ታክል ቤሪ» የሚባሉ ያገለገለ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫዎች አሉ። ወንድምህ እዚያ ገብቶ ማጠንጠኛውን በጣቱ ያዙረው፤ ጥርሱ የሚኮረኩር ከሆነ ይተወው። የዘንጉን ቀለበቶች ደግሞ በጥጥ ያሽ፤ ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል።

ለመንገዱ፣ የውኃ መስመር የሚዘረጋበት የፕላስቲክ ቧንቧ ከዘንጉ ቁራጭ ትንሽ አስረዝሞ ያስቆርጥ። ሁለቱን ቁራጮች በጨርቅ ለያይቶ ጠቅልሎ ያስገባቸው፤ ሁለቱንም አፍ በደንብ ይድፈን። ማጠንጠኛውን በእጅ ሻንጣ፣ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አላልቶ። ከቦሌ ወደ ሐረር በአውቶቡስ ከመጣ ቧንቧውን ጣራ ላይ እንዳይጭነው ንገረው፤ እግሩ ሥር ያስተኛው። የማታለያዎቹን መንጠቆ በተመለከተ ሌላ ጥያቄ ካለህ ጻፍልኝ፤ ማታ ማታ እዚሁ ነኝ።