ስለ ኢንዴክስ ለጠየቅሽው፦ መጀመሪያ የትርፍ ድርሻው የት እንደገባ ጠይቂ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ አነበብኩት፤ ከስሩ የተጻፉትንም አየሁ። ግማሹ «ዝም ብለሽ ያዢው»፣ ግማሹ «ሸጠሽ መሬት ግዢበት» ይላል፤ የጠየቅሽውን የመለሰ ግን አላገኘሁም። ያልሽው የባንክ አክሲዮን አለኝ፣ የአሜሪካ ኢንዴክስ በዓመት 10 ፐርሰንት ያስገኛል ሲባል እሰማለሁ፣ የእኛም ገበያ ኢንዴክስ ሲኖረው ልሽጥ ወይስ ልያዝ የሚለውን በእሱ መወሰን እችላለሁ ወይ ነው። እኔ የምሠራው ሰንጋ ተራ፣ ከባንኮቹ ፎቆች ሥር ነው። አክሲዮን መግዛት የጀመርኩት ገበያው ከመከፈቱ በፊት፣ ሁሉም ነገር በሰው በሰው በሚያልቅበት ጊዜ ነው። አንቺም እንደ እኔ ከደሞዝሽ ላይ ቆንጥረሽ ያጠራቀምሽ ትመስይኛለሽ፤ ስለዚህ አክሲዮን ምንድን ነው ከሚለው አልጀምርም። ኢንዴክስ የምለው የገበያውን አክሲዮኖች ዋጋ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ የሚያሳየውን መለኪያ ነው። በቁጥር ከፋፍዬ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ እጠራለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

1. መጀመሪያ 10 ፐርሰንቱን እንፍታው። ይህ ቁጥር የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ነው። 500 ኩባንያ ይዞ የወጣው በ1957 ሲሆን፣ ወደ ኋላ እስከ 1926 ተሰልቶ ነው 10 አካባቢ የሚባለው። ሁለት ነገር ግን ሳይነገርሽ ይታለፋል። አንደኛ፣ ይህ የትርፍ ድርሻውን በልተሽ ሳይሆን በየጊዜው መልሰሽ አክሲዮን ገዝተሽበት ነው። ሁለተኛ፣ ግሽበት አልተቀነሰም፤ ሲቀነስ ወደ 7 ይወርዳል። ደግሞም አማካይ ነው። ሌላው የአሜሪካ ኢንዴክስ ዳው ጆንስ በመስከረም 1929 ቁጥሩ 381 ነበር፣ በሐምሌ 1932 ወደ 41 ወረደ፣ የ1929ኙን ቁጥር መልሶ ያየው በኅዳር 1954 ነው። የጃፓኑ ኒኬይ ደግሞ በታኅሣሥ 1989 መጨረሻ 38,915 ደርሶ ወደቀ፤ ያንን ያለፈው በየካቲት 2024 ነው። 34 ዓመት! በሠላሳ ዓመቱ የገዛ ሰው ጡረታ ሲወጣ ነው ገና ቁጥሩ የተመለሰለት። ስለ ኢንዴክስ የሚያወራ ሰው የአሜሪካን ብቻ ከጠራልሽ፣ ጃፓንስ በዪው።

2. ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ እወቂ። ሦስት ኩባንያ ያለው ገበያ እናስብ፦ ሀ 80 ቢሊዮን ብር፣ ለ 15 ቢሊዮን፣ ሐ 5 ቢሊዮን። ድምሩ 100 ቢሊዮን ነው፤ ኢንዴክሱንም 100 ብለን እንጀምረው። ሀ 10 ፐርሰንት ወጣ፣ ለ እና ሐ 20፣ 20 ፐርሰንት ወረዱ። ድምሩ 104 ሆነ። ዜናው «ገበያው 4 ፐርሰንት አደገ» ይላል፤ ከሦስቱ የሁለቱ ባለአክሲዮኖች ግን እያለቀሱ ነው። አብዛኛው ኢንዴክስ የሚሠራው እንዲህ በጠቅላላ የገበያ ዋጋ ሚዛን ነው። ዳው ጆንስና ኒኬይ ለየት ይላሉ፤ የሚመዝኑት በአንዱ አክሲዮን ዋጋ ስለሆነ ትልቁ ኩባንያ ሳይሆን ውድ አክሲዮን ያለው ነው የሚጎትታቸው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ከመሰለሽ ናይሮቢን ተመልከቺ። እዚያ ሁለት ኢንዴክስ አለ፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለው የ20 ኩባንያዎቹ፣ እና በ2008 ከ100 የጀመረው የሁሉም አክሲዮኖች። በ2008 መጀመሪያ ላይ የ20ዎቹ ከ5,000 በላይ ነበር፤ በ2020 መጨረሻ ከ2,000 በታች ሆነ። በዚያው ጊዜ የሁሉም አክሲዮኖቹ ከ100 ወደ 150 ገደማ ወጣ። አንድ ከተማ፣ አንድ ገበያ፣ አንዱ ከግማሽ በላይ ወደቀ፣ ሌላው በግማሽ አደገ። የልዩነቱ ትልቁ ምክንያት ሳፋሪኮም ነው። የሁሉም አክሲዮኖቹን ኢንዴክስ ብቻውን ከግማሽ በላይ የያዘበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ «የኬንያ ገበያ አድጓል ወይስ ወድቋል?» ብለሽ ብትጠይቂ ምን ይመልሱልሻል?

የእኛም ሳፋሪኮም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 ፐርሰንቱ፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር በቴሌብር ለሽያጭ ሲቀርብ የተገዛው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚህ ዋጋ ኩባንያው በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ይወጣል። በዚያ ሽያጭ ሕዝብ እጅ የገባው ግን የ3.2 ቢሊዮን ብር ብቻ ነው። ኢንዴክስ ውስጥ በሙሉ ዋጋው ቢመዘን ባንኮቹ ሁሉ ተደምረው ብዙም አያንቀሳቅሱትም፣ ቁጥሩ የቴሌ ቁጥር ይሆናል። ለገበያ በዋለው ልክ ብቻ ቢመዘን ደግሞ ከአንድ መካከለኛ ባንክ ያነሰ ክብደት ይኖረዋል። ትልልቆቹ የዓለም ኢንዴክሶች የሚከተሉት ሁለተኛውን ነው፤ ኤስ ኤንድ ፒም በ2005 ወደዚያ ዞሯል። የእኛ ኢንዴክስ ሲቀርብልሽ ከቁጥሩ በፊት ይህን አጣሪ፤ የሚመዝነው በሙሉ ነው ወይስ በተሸጠው?

3. የትርፍ ድርሻ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ አንጀቴን ያሳረረኝ ይኼ ነው።

ገበያው ከመከፈቱ በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የባንክ አክሲዮናቸውን ሊሸጡ ፈልገው በሰው በኩል ተገናኘን። ተስማማን፣ ውል ተዋዋልን፣ ወረቀቱን ለባንኩ አክሲዮን ክፍል አስገባን። ባንኩን አልጠራውም። ጊዜው ከጠቅላላ ጉባኤው ገና ብዙ ቀደም ያለ ነበር። ከዚያማ «አንድ ደብዳቤ ይቀራል»፣ ደብዳቤው ሲመጣ «ይኼኛው ማኅተም አይታይም»፣ ማኅተሙ ሲታደስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ከሥራ ቦታዬ መንገድ ተሻግሬ ስለሆነ የምሄደው በምሳ ሰዓት ጎራ እላለሁ፤ ለምሳም ሳይወጡ ለሥራም ሳይገቡ ይጠብቁኛል። መጨረሻ ላይ ኃላፊው ሲገኙ «መዝገቡ ለጉባኤ ተዘግቷል፣ ከዚህ በኋላ የሚመዘገብ ዝውውር የዘንድሮ ትርፍ አያገኝም» አሉኝ። ወረቀቱ እናንተ ጋ ነው የከረመው ብል፣ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሱ «አክሲዮን የገዛኸው ለትርፍ ነው ወይስ ለጭቅጭቅ?» ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለጭቅጭቅ!

ግን እኔም ዝም ብዬ አልፈረምኩም። ውሉ ውስጥ «ከዚህ ውል ቀን በኋላ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ፣ መዝገቡ በማንም ስም ቢሆን፣ የገዢው ነው» የምትል አንዲት መስመር አስገብቼ ነበር። ያዋዋለን ልጅ «ይቺ ደግሞ ምን ታደርጋለች» ብሎ ስቆብኝ ነበር። ትርፉ በመምህሩ ስም ሲወጣ ራሳቸው ደውለው፣ 10 ፐርሰንት ግብሩ ተቆርጦ የቀረውን በሲፒኦ አስረከቡኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ነበርን። አንቺም በገበያው ባልተመዘገበ ባንክ አክሲዮን የምትገዢ ወይም የምትሸጪ ከሆነ ያችን መስመር ሳታስገቢ እንዳትፈርሚ።

ከኢንዴክስ ጋር ምን አገናኘው ትይኝ ይሆናል። ያን ሰሞን መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት 1,500 ብር ይጠሩ የነበሩ ሻጮች ከተዘጋ በኋላ 1,300 ማለት ጀመሩ እንበል፣ ትርፉ በአክሲዮን 200 ስለነበር። ባንኩ ላይ ምንም የደረሰ የለም፤ 200ው ከዋጋው ወጥቶ ባለአክሲዮኑ ኪስ ገባ እንጂ። ዋጋ ብቻ የሚቆጥር ኢንዴክስ ግን ይህን የሚጽፈው 13 ፐርሰንት ኪሳራ ብሎ ነው። ላሚቱን በዋጋዋ ብቻ ገምቶ ወተቷን እንዳለመቁጠር ነው። የለንደኑ ፉትሲ 100 በዜና የምትሰሚው ቁጥሩ እንዲህ ያለ፣ ወተቱ የሌለበት ነው። የጀርመኑ ዳክስ ደግሞ በዜና የሚጠራው የትርፍ ድርሻው ተመልሶ እንደተገዛበት ተቆጥሮ ነው። ሁለቱም በ1980ዎቹ ከ1,000 የተነሱ ናቸው፤ የዳክስ ቁጥር ግን ዛሬ ሩቅ ሄዷል። ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው «ጀርመን እንግሊዝን አስከነዳችው» ሲሉ እስቃለሁ። ከልዩነቱ ትልቁ ክፍል የአቆጣጠር ነው። በእኛ አገር ባለአክሲዮን ለዓመታት የኖረው በትርፍ ድርሻ እንጂ በዋጋ ጭማሪ አይደለም፤ ስለዚህ ዋጋ ብቻ የሚያሳይ ኢንዴክስ የያዝሽውን ነገር ግማሹን አያሳይሽም።

4ኛ ልል የነበረው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው፣ ባንኮቹ ሁሉ አዲስ አክሲዮን መሸጥ ያዙ። «ካፒታላችን በእጥፍ አደገ» የሚል ማስታወቂያ በየሕንጻው ተሰቀለ። ብዙ ሰው ያንን የራሱ አክሲዮን እጥፍ የሆነ አድርጎ ነው የወሰደው። ካፒታሉን እጥፍ ያደረገው አዲስ በተሸጠው አክሲዮን የገባው ብር ነው፤ ትርፉ በዚያው ፍጥነት ካላደገ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው እንዲያውም ይቀንሳል። ደህና የተሠራ ኢንዴክስ ይህን አይታለልም። አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ወይም አዲስ ኩባንያ ሲገባ፣ ድምሩ የሚካፈልበት ቁጥር አብሮ ይስተካከላል፣ ኢንዴክሱም ባለበት ይቆያል። ከላይ ባለው ምሳሌ መ የሚባል የ50 ቢሊዮን ኩባንያ ዛሬ ቢገባ ድምሩ 154 ቢሊዮን ይሆናል፣ ኢንዴክሱ ግን 104 ነው፤ ማንም አላተረፈምና። ስለዚህ «የገበያው ጠቅላላ ዋጋ ይህን ያህል ቢሊዮን ደረሰ» እና «ኢንዴክሱ አደገ» የሚሉ ሁለት ዜናዎችን አትቀላቅዪ።

የብሩን ነገር አጭር ላድርገው፣ ሁላችንም ስለምናውቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። ግብፅ በኅዳር 2016 ፓውንዷን ስትለቅ ኢንዴክሷ ከ8,000 ገደማ ተነስቶ በ2017 መጨረሻ 15,000 ደረሰ። ካይሮ ጭብጨባ ነበር፤ በይፋዊው ምንዛሪ ወደ ዶላር ሲመነዘር ግን ጭማሪ የሚባል አልነበረም፣ እንዲያውም ወርዶ ነበር። ዚምባብዌ ደግሞ በግሽበቱ ዘመን ኢንዴክሷ ሰማይ ነክቶ፣ በ2008 መጨረሻ ገበያው ራሱ ተዘጋ። የኢንዴክስ ጭማሪ ሲነገርሽ የዚያን ዓመት ግሽበት አጠገቡ ጻፊ።

ስለ እኛ ታሪክ የጠየቅሽውን ሳልረሳ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። በንጉሡ ዘመን እዚሁ አዲስ አበባ አክሲዮን ይገበያይ ነበር፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኩንም ፋብሪካውንም ሲወርስ አበቃ። በመካከሉ የነበረው ሃምሳ ዓመት በየቀኑ የሚወጣ የገበያ ዋጋ አልነበረውም፤ አንዱ በ1,200፣ ጎረቤቱ በ1,800 ይሸጥ ነበር፣ እንደ ችግሩና እንደ ደላላው። ስለዚህ «የኢትዮጵያ አክሲዮን ባለፉት 20 ዓመታት» ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር የሚያሳይሽ ሰው ካለ መስመሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቂው። እኔ አንዱን ስብሰባ ላይ ጠይቄው ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ።

ልሽጥ ወይስ ልያዝ ላልሽው፣ ጥቂት ኩባንያ ባለበት ገበያ ኢንዴክስ አይቶ መሸጥ አያዋጣም ባይ ነኝ፤ አንድ ትልቅ ሻጭ ቁጥሩን ያዞረዋል። የራስሽን ባንክ እይ። ያለፉት ዓመታት ሪፖርቶች ላይ ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍ፣ የተከፈለውን የትርፍ ድርሻና በዓመቱ አዲስ የተሸጠውን አክሲዮን አውጪና ጎን ለጎን አድርገሽ እዚሁ ለጥፊው። የአክሲዮን ሰርተፊኬት ቁጥርሽን ግን ሸፍኚው። ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።