የነርስ አኔስቴዥያ ትምህርት በአሜሪካ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በማደንዘዣ ሙያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ወደዚህ ትምህርት ለመግባት ካሰቡ አበሻ ነርሶች የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ሜድሰርጅ (የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና አልጋ ክፍል) ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ማመልከት እችላለሁ?

ገና ነው እህቴ። ትምህርት ቤቶቹን የሚያጸድቀው ሲኦኤ ቢያንስ 1 ዓመት የሙሉ ሰዓት የጽኑ ሕሙማን ሥራ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለውን ይመርጣሉ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ስትገቢ የክፍሉን ስም ሳይሆን የምትይዢውን በሽተኛ እዪ። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ፣ አርቴሪያል ላይን (ደም ወሳጅ ሥር ውስጥ የሚገባ የግፊት መለኪያ ቱቦ) የገባለት፣ የደም ግፊት የሚያነሣው መድኃኒት ሌቮፌዱ ከፍ ዝቅ የሚደረግለት ሰው ዘወትር ካልገጠመሽ፣ ዓመቱ ይቆጠርልሻል እንጂ ኢንተርቪው ላይ አያወጣሽም። እዚያ የሚጠይቁሽ መድኃኒቱ የትኛው ሪሴፕተር (ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱን የሚቀበለው ቦታ) ላይ እንደሚሠራና ለምን ያንን እንደመረጥሽ ነው። ሲሲአርኤን የተባለውን የጽኑ ሕሙማን ነርሶች የብቃት ፈተናም ውሰጂ፤ አንብበሽ መጨረስሽ ራሱ ለኢንተርቪው ዝግጅት ይሆንሻል።

ማስተርሱ ይበቃል? ዲኤንፒና ዲኤንኤፒስ ምን ይለያቸዋል?

ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ ገቢ ሁሉ የዶክትሬት ፕሮግራም ነው የሚገባው። ዲኤንፒ የነርሲንግ፣ ዲኤንኤፒ ደግሞ የነርስ አኔስቴዥያ ዶክትሬት ነው፤ ሁለቱም ወደ አንድ የብሔራዊ ፈተና ያደርሳሉ፤ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ማንም ልዩነቱን አይጠይቅህም።

እየሠራሁ መማር እችላለሁ? የልጆች እናት ነኝ።

አይመከርም፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ይከለክላሉ። ቢያንስ 36 ወር ያለ ደመወዝ መኖርን አስቢ። የመንግሥት ብድሩም ጠቧል፦ ግራድ ፕላስ የተባለው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል። ስለዚህ የመኪናና የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከመግባትሽ በፊት ይለቅ። ዕቁብ ካለሽ ደግሞ ዕጣሽን ወደ መጨረሻው አስገፊው፤ ያ ገንዘብ በትምህርቱ መሃል ይደርስልሻል።

ትምህርት ቤት በምን ልምረጥ? ሁሉም ጥሩ ነን ይላሉ።

ስም አትከተል። ፕሮግራሞቹ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉትንና ትምህርቱን ያቋረጡትን ተማሪዎች መጠን ለሕዝብ ማሳወቅ አለባቸው። ሁለቱን ለየብቻ ካነበብካቸው ያታልሉሃል። መቶ በመቶ አሳለፍን የሚል ትምህርት ቤት ከገቡት 30 ተማሪዎች ስድስቱን መንገድ ላይ ጥሎ ከሆነ፣ ያለፉት ለምን እንዳለፉ ገባህ ማለት ነው። ቀጥሎ ስለ ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ) ቦታው ጠይቅ፦ ስንት ወር ከቤት ርቄ እቆያለሁ? ብሎክና ስፓይናል (የነርቭና የጀርባ ማደንዘዣ) ተማሪው ራሱ ይሠራል ወይስ ከሬዚደንቶች (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ካሉ ሐኪሞች) ጋር ይሻማል? የሚማሩበትን ልጆች አግኝተህ ብትጠይቃቸው ዳይሬክተሩ የማይነግርህን ይነግሩሃል። ዲሲ አካባቢ ላላችሁ ጆርጅታውን፣ ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና ሪችመንድ ያለው ቪሲዩ (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ) ቅርብ ናቸው። ቤትና ሞግዚት ሲታሰብ ቅርበት ቀላል ነገር አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በአኔስቴዥያ ዲግሪ አለኝ፤ ለዓመታትም ሠርቻለሁ። በቀጥታ መግባት እችላለሁ?

አትችልም ወንድሜ፤ እውነቱን አሁን ብትሰማው ይሻላል። አገር ቤት አኔስቴዥያ ራሱን የቻለ ዲግሪ ነው፤ እዚህ ግን የሚያልፈው በነርስ ፈቃድ በኩል ነው። ትራንስክሪፕትህን አስገምግመህ አክስለሬትድ (የተፋጠነ) የነርሲንግ ፕሮግራም መግባት፣ ኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ ፈተና) ማለፍ፣ ከዚያ አይሲዩ። ሌላ በር አለ፦ አኔስቴዥዮሎጂስት አሲስታንት (የማደንዘዣ ሐኪም ረዳት) የሚባለው የማስተርስ ሙያ ነርስነት አይጠይቅም፤ ከሳይንስ ኮርሶች ጋር የመጀመሪያ ዲግሪና ብዙውን ጊዜ የመግቢያ ፈተና ነው የሚጠይቀው። ችግሩ በሁሉም ስቴት አለመፈቀዱ ነው፤ ዲሲ ግን ይፈቀዳል። ባንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ እሱን አጣራ ነበር።

ጂፒኤዬ 2.9 ነው።

ብዙዎቹ ከ3.0 በታች አያዩም። ኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂን እንደገና ወስደህ ኤ አምጣ።

ኢንተርቪው ላይ አክሰንቴ ይጎዳኛል?

ከአክሰንቱ ይልቅ ትሕትናችን ነው የሚጎዳን። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን ኮድ (ልቡ የቆመ በሽተኛን የማዳን ጥሪ) ላይ የሠራነውን ሁሉ «ቲሙ ሠራ» ብለን እንናገራለን። ጠያቂዎቹ ግን የሚፈልጉት አንቺ ያየሽውን፣ የወሰንሽውንና ከዚያ የሆነውን ነው። ጮክ ብለሽ፣ በአንደኛ ሰው፣ ሌላ ነርስ ፊት ተለማመጂው። ሪኮመንዴሽኑንም ከጭንቅ ሰዓት ሥራሽን ካየ ማናጀር ወይም ሐኪም ጠይቂ፤ የፓስተርና የቄስ ደብዳቤ እዚህ አይሠራም።