ሰማያዊው መብራት መድኃኒትንም ያጠፋል?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው። «ግቢያችን ውስጥ የጉድጓድ ውሃ አለን። ከአጥሩ ጀርባ ክሊኒክ ተከፈተ፤ የፍሳሽ ጉድጓዱ ከእኛ ብዙም አይርቅም። የመድኃኒት ርዝራዥ እንዳይገባብን ሰግቼ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) የውሃ ማከሚያ መብራት አስገጠምኩ። አሁን ልረጋጋ?» ይላሉ ጠያቂዋ።

እህቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። መብራቱ ግን ያሰቡትን ሥራ አይሠራም። ጀርም ይገድላል፤ መድኃኒቱን በአብዛኛው እንዳለ ያሳልፈዋል።

የቤት መብራት የሚለቀው 254 ናኖሜትር ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ይመታና መራባት ያቅተዋል። ለዚያ በካሬ ሜትር 400 ጁል አካባቢ ይበቃል። መድኃኒት ግን ነፍስ የለውም። የሚጠፋው ሞለኪውሉ ሲሰበር ነው፤ ለመሰበር ደግሞ መጀመሪያ ብርሃኑን መምጠጥ አለበት። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ በደንብ ይመጥጣል፤ ክሎሪኑ ይገነጠልና መፍረስ ይጀምራል። እሱም ቢሆን በ400 ጁል አብዛኛው ሳይነካ ያልፋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒንማ ንክች አይልም።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ትልልቅ ጣቢያዎች ብርሃኑን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ አድርገው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይጨምሩበታል። ብርሃኑ ፐሮክሳይዱን ሲሰነጥቀው ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ኃይለኛ ቅንጣት ይወጣል፤ እሱ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል። ቤት ውስጥ ግን እንዳይሞክሩት፣ አደራ። የተረፈውን ፐሮክሳይድ ከውሃው የሚያወጣ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። ማፍላትም ለመድኃኒት መፍትሔ አይሆንም።

ለእርስዎ የሚሆነው አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ለማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል ነው። ብዙ ዓይነት መድኃኒት ይዞ ያስቀራል። ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ መጀመሪያ የደለል ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ካርቦን፣ መጨረሻ ላይ መብራቱ። ካርቦን ውስጥ ባክቴሪያ ሊራባ ስለሚችል መብራቱ ከኋላው መሆን አለበት። ካርቦኑ ሲጠግብ ያሳልፋል፤ ጊዜውን ጠብቀው ይቀይሩት።

መብራቱን ግን እንዳይነቅሉት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። መብራቱ ፏ ብሎ በርቷል። ነቅዬ ኳርትዙን፣ አምፖሉን ከውሃው የሚለየውን የመስታወት ቱቦ፣ ሳወጣው ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በጥፍሬ ብፍቀው አልነሳ አለኝ። ብርሃኑ ውሃው ጋ እየደረሰ አልነበረም፤ ቤተሰቡ ግን በርቷል ብሎ በእርግጠኝነት እየጠጣ ነው። ኳርትዙን በአቼቶ ዘፍዝፈው በለስላሳ ጨርቅ ያጥቡት። ከዚያ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ብርሃኑ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። አምፖሉንም ወደ 9,000 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ይቀይሩት። ሰማያዊው ቀለም ሳይጠፋ ገዳዩ ብርሃን ይደክማል።

መብራት ሲጠፋስ? ፓምፑ ይቆማል፤ ሮቶ ላይ ያለው ውሃ ግን በራሱ ክብደት መውረዱን ይቀጥላል፣ ያልታከመ ውሃ ይጠጣሉ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚዘጋ ቫልቭ ያስገጥሙ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውሃውን ለባክቴሪያና ለናይትሬት ያስመርምሩ። ሁለቱም ከተገኙበት ፍሳሹ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ፍሳሹ ከገባ ደግሞ መድኃኒቱም አብሮ ይመጣል። ያኔ ዋናው ሥራ ያለው አጥሩ ጀርባ ነው። ክሊኒኩን አነጋግረው የፍሳሽ ጉድጓዱን ያስፈትሹ። የምርመራ ውጤቱንና ቤት ውስጥ በቀን ስንት ጀሪካን እንደምትጠቀሙ ይጻፉልኝ፤ የካርቦኑን መጠን በዚያ እንወስናለን።