ነጻ ማስመዝገቢያ ለትንሽ ሻጭ ይጠቅማል ወይ?

እህቴ፣ «ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ያለ ክፍያ ዕቃ ለጨረታ ማቅረብ ለእንደኔ ዓይነቷ ትንሽ ሻጭ ይጠቅማል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይጠቅማል፤ ግን አስቀድመሽ ሒሳቡን ከሠራሽ ብቻ ነው።

ነጻ የሚሆነው የማስመዝገቢያው ክፍያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ሰው በየወሩ እስከ 250 ዕቃ በነጻ ያስመዘግባል፤ ከዚያ ካለፈ ለአብዛኛው ዕቃ 35 ሳንቲም ይከፍላል። ትልቁ ወጪ እዚህ አይደለም። ዕቃው ሲሸጥ በአብዛኞቹ ዘርፎች ከ13 በመቶ በላይ ይቆረጣል፤ የሚሰላውም ገዢው ለማጓጓዣና ለሽያጭ ታክስ የከፈለው ተደምሮ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው በዚህ ነው! ጀበናሽ በ20 ዶላር ተሸጦ የገዢው ጠቅላላ ክፍያ 30 ዶላር ቢሆን፣ ከ4 ዶላር በላይ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር፣ ማስመዝገብ ነጻ ሲሆን ሁሉም ያለውን ይዞ ይወጣል። ተመሳሳይ ዕቃ ሲበዛ ተጫራች ይበታተናል። በ1 ዶላር ያስጀመርሽው ዕቃ አንድ ተጫራች ብቻ ካገኘ በዚያው በ1 ዶላር ይወሰዳል። ዝቅተኛ የመሸጫ ወሰን (ጨረታው እዚያ ካልደረሰ ዕቃው የማይሸጥበትን ዋጋ) ማስቀመጥ ደግሞ ለብቻው ያስከፍላል።

ስለዚህ ነጻውን ዕድል ገዢው ዘግይቶ ለሚመጣ ዕቃ፣ በቁርጥ ዋጋ ተጠቀሚበት። ለጨረታ የምታቀርቢው ቢያንስ ሁለት ሰው የሚሻማበትን ይሁን፤ መነሻውንም ብትሸጪበት የማይቆጭሽ ዋጋ አድርጊው። የምትሸጪውን ዕቃና የማጓጓዣውን ወጪ ጻፊልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።