ለእናትዎ ጉልበትና ለእግራቸው ቁስል የሌዘር ሕክምና ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እናትዎ በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት ሕመም) ለዓመታት መቸገራቸውን፣ አንድ ክሊኒክ የአሥር ጊዜ የሌዘር ሕክምና ክፍያ በቅድሚያ መጠየቁን፣ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑም በእግራቸው መዳፍ ላይ የወጣውን ቁስል ያው ሌዘር ያድነው እንደሆነ ለማወቅ መፈለግዎን ከጽሑፍዎ ተረድቻለሁ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ መሣሪያውንም በሥራዬ ላይ እጠቀምበታለሁ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ስላላቸው ለየብቻ እመልሳቸዋለሁ።

ለጉልበታቸው ሊረዳ ይችላል። ይሁን እንጂ ሌዘር እንደማንኛውም መድኃኒት መጠን አለው፤ ስለዚህ ክሊኒኩ ሌዘር ያለው መሆኑ ብቻ በቂ ማስረጃ ሊሆንዎት አይገባም። ይህ ብርሃን ለቀዶ ሕክምና እንደሚውለው ሌዘር ሥጋ አይቆርጥም። ቀይ፣ ወይም ዓይን የማያየው ታህተ ቀይ ብርሃን ቆዳን አልፎ ሲገባ፣ በሕዋሳት ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ይቀበሉታል፤ ሕዋሱ የሚሠራበት ኤቲፒ የተባለው ኃይል ይጨምራል፣ ብግነትም ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል። ነገሩ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር፤ በ1967 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቡዳፔስት ውስጥ ኤንድሬ ሜስተር የተባሉት ሐኪም ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለመመርመር ጸጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ሲሞክሩ፣ ብርሃኑ ያረፈባቸው አይጦች ጸጉር ከሌሎቹ ፈጥኖ በቀለ። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሙ ፊታቸውን ወደ ቁስል ሕክምና ያዞሩት።

መጠኑን በተመለከተ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ፣ 22 ጥናቶችንና 1063 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ሕሙማንን ያካተተ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ግምገማ አለ። ሕመሙ የቀነሰው የሞገድ ርዝመቱ (የብርሃኑ ዓይነት የሚለይበት ልክ) ከ785 እስከ 860 ናኖሜትር ሲሆን በእያንዳንዱ ነጥብ ከ4 እስከ 8 ጁል፣ 904 ናኖሜትር ሲሆን ደግሞ ከ1 እስከ 3 ጁል ለተሰጣቸው ሰዎች ነበር። ከዚህ ያነሰ ሲሰጥ ጥቅሙ አልታየም። ጁል ማለት የመሣሪያው ኃይል በዋት ተለክቶ በሰከንድ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው፤ 100 ሚሊዋት የሚያወጣ ሌዘር በአንድ ነጥብ ላይ 60 ሰከንድ ቢቆይ 6 ጁል ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ስሌት መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ እኔ ከሚመጡት ሕሙማን መካከል በሌላ ቦታ ሌዘር ተደርጎላቸው ምንም እንዳልጠቀማቸው የሚናገሩ አሉ፤ እንዴት እንደተሠራላቸው ስጠይቃቸው ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ መሣሪያው ከላይ ከላይ ለጥቂት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰላቸው ይነግሩኛል። በዚያ ዓይነት አሠራር ብርሃኑ መገጣጠሚያው ዘንድ ስለማይደርስ ሰዎቹ ሕክምናውን አገኙ ለማለት ያስቸግረኛል፤ ድካማቸውም ገንዘባቸውም በከንቱ መሄዱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የመሣሪያው ጫፍ በባዶ ቆዳ ላይ ተጭኖ፣ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ነጥብ በነጥብ መያዝ ይኖርበታል።

ከ500 ሚሊዋት በላይ የሚያወጡት ኃይለኛ መሣሪያዎች ግን ቆዳን ስለሚያሞቁ በአንድ ቦታ ላይ ሳይቆሙ መንቀሳቀስ አለባቸው። የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃኑን የበለጠ ስለሚይዝ ቶሎ ይሞቃል፤ ስለዚህ እናትዎ ሙቀቱ ማቃጠል ከጀመረ ታግሰው ዝም እንዳይሉ ይንገሯቸው። ታማሚውም ባለሙያውም መከላከያ መነጽር ማድረግ ግዴታቸው ነው። ካንሰር ባለበት ቦታ ላይ ሌዘር አይደረግም፤ ቆዳን ለብርሃን ስሱ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይናገሩ።

ሌዘር የተበላውን ልም አጥንት መልሶ አያበቅልም። በሕሙማኔ ላይ የማየው ጥቅም፣ ሕመሙ ቀለል ሲል ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውጣት ስለሚቀላቸው የጭን ጡንቻ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ ለመሥራት መቻላቸው ነው። እንቅስቃሴውን ያልያዙት ግን ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሕመሙ ተመልሶባቸው ይመጣሉ። እናትዎ ክብደት ካላቸው፣ አንድ ኪሎ በቀነሱ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ ይህን የሚተካ መሣሪያ እኔ አላውቅም።

የእግራቸው ቁስል ግን ያሳስበኛል። ሌዘር ለአካል ሕብረሕዋስ መዳን ጠንካራ ማስረጃ ያገኘው በካንሰር ሕክምና ምክንያት የሚመጣውን የአፍ ውስጥ ቁስል በመከላከል ነው። ለስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ተስፋ ሰጪ ትንንሽ ጥናቶች ቢኖሩም፣ ቁስሉን የሚያቆየው የነርቭ መደንዘዝ፣ የደም ዝውውር ማነስና በየእርምጃው በቁስሉ ላይ የሚያርፈው ክብደት ስለሆነ፣ እነዚህ ሳይስተካከሉ ብርሃን ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ ከጉልበቱ በፊት ቁስሉን ያስቀድሙ፦ ሐኪም የእግራቸውን የደም ዝውውር ይመርምር፣ የሞተው ሥጋ ይጠረግ፣ ስኳራቸው ይስተካከል፣ ቁስሉ ላይ ክብደት የማያሳርፍ ጫማ ይደረግላቸው። ቁስሉ መሽተት፣ መጥቆር ወይም ዙሪያው መቅላትና ማበጥ ከጀመረ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ሕመም ባይሰማቸውም እንኳ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የዓለም የሌዘር ሕክምና ማኅበር የሚመክረው በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ወይም አንድ ቀን እያለፉ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ስለሆነ፣ አሥር ጊዜ የሚለው ራሱ የተጋነነ አይደለም። የምቃወመው በቅድሚያ መከፈሉን ነው፤ በየጊዜው እንዲከፍሉ ይጠይቁ፣ አጋማሹ ላይ ሲደርሱም ለውጥ መኖሩን ከባለሙያው ጋር ይገምግሙ። ከመጀመራቸው በፊት የመሣሪያውን የሞገድ ርዝመት፣ ኃይሉን በሚሊዋት፣ በአንድ ነጥብ የሚሰጠውን ጁልና ነጥቦቹ ስንት እንደሆኑ በጽሑፍ ይቀበሉ። ቁጥሮቹን እዚህ ካስቀመጡልኝ መጠኑ ለጉልበት የሚበቃ መሆኑን አስልቼ እነግርዎታለሁ።