ልጄን ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ላስወጣው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባ። ትምህርት ቤቱ የወንዶች ብቻ ነው። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኖበት ተደናግጧል። ተነስቶ ሲያነብ ልጆቹ ስለሚስቁበት አሁን እጁን ማውጣት ትቷል። እኔ ያሰብኩት የሐኪም ወረቀት አጽፌ ከሰውነት ማጎልመሻ ላስወጣው ነው። በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ እንግሊዝኛውን ያጥናበት። አባቱም «ስፖርት ምን ያደርግለታል? ሯጭ አይሆን!» ይላል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱን አያጽፉ። ዕድሜዬን በሙሉ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የኖርኩ የስፖርት መምህር ነኝና ለሙያዬ ያደላሁ ሊመስልዎት ይችላል። ትንሽ አደላለሁም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስተማርኩት የወንዶች ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነ የልጅዎን ጭንቀት አውቀዋለሁ።

ልጅዎ እንግሊዝኛ አያውቅም ማለት አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲማረው ኖሯል። የከበደው አፍ አውጥቶ መናገሩ ነው። ወንዶች ብቻ የተሰበሰቡበት ክፍል ደግሞ በዚህ ነገር ምሕረት የለውም። አንዲት ቃል አሳስቶ ካነበበ ያችው ቃል እስከ ሰኔ ቅጽል ስሙ ሆና ትቀራለች። ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ተራ በተራ ይሳቅበታል። ኳስ ስቶ የወደቀው ይሳቅበታል፣ ትንሽ ቆይቶ ጎል ሲያገባ የሳቀበት ራሱ አቅፎት ይጨፍራል።

ዓመቱ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርዎት። መስከረም ላይ ሜዳው ገና ጭቃ ነው። ሰልፍ፣ ማሟሟቂያና የደብተር ትምህርት ይበዛል። መምህሩ «ስትሬች ዩር አርምስ»፣ «ቤንድ ዩር ኒስ»፣ «ተርን ሌፍት» ይላል። ያልገባው ልጅ አጠገቡ ያለውን አይቶ ይሠራል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ማየቱን ይተዋል። ጥቅምትና ኅዳር ሜዳው ሲደርቅ ሩጫው፣ የዱላ ቅብብሉ፣ ርዝመት ዝላዩና አሎሎ ውርወራው ይመጣሉ። ከግማሽ ዓመቱ ፈተና በኋላ መረብ ኳስ፣ ጂምናስቲክና እጅ ኳስ።

እኔ የምወደው እጅ ኳስን ነው። ሕጉ አጭርና ጥብቅ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ይመቻል። በአንድ ወገን ሰባት ተጫዋች። ኳስ ይዞ ከሦስት እርምጃ በላይ መሄድ የለም። ከሦስት ሰከንድ በላይ ይዞ መቆም የለም። ከግቡ ፊት ባለው የስድስት ሜትር ክልል ውስጥ ከበረኛው በቀር ማንም አይቆምም። ይህን ሁሉ አንድም የአማርኛ ቃል ሳልጨምር፣ ራሴ እየሠራሁ አሳያለሁ። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። ፊሽካ እነፋለሁ። «ኋይ?» ብሎ ይጮሃል ልጁ። «ፎር ስቴፕስ» እላለሁ። «ኖ ሰር! ስሪ! አይ ካውንትድ!» ሰው ሲናደድ ሰዋስው አይፈራም። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይል ልጅ ለአንዲት እርምጃ ሲል ጠበቃ ሆኖ ይቆማል። ጓደኞቹም ይደርቡለታል፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ምክንያቱም በአማርኛ የቀረበ አቤቱታ አልሰማም።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስልዎት። ጄምስ አሸር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስተዋወቁት የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው። መምህሩ ያዛል፣ ተማሪው በአካሉ ይመልሳል፣ መናገሩ ቆይቶ ይመጣል። እርግጥ ዘዴው የሚጠቅመው ለጅማሬ ነው። የባዮሎጂ ፈተና ላይ አንቀጽ አያስጽፍም። ለዚያ ማንበብ የግድ ነው።

በአገራችንም ስፖርትና ቋንቋ ከተገናኙ ቆይተዋል። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት ወንዶች ልጆች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚማሩበት ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድናችንን አሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪውንና እንግሊዝኛ ተናጋሪውን አፍሪካ አንድ ስብሰባ ላይ አስቀምጦ ለመምራት ኳስ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ባለቤትዎ «ሯጭ አይሆን» ሲሉ ይህን ያጫውቷቸው።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ኳሱን ወርውሮ ሰጥቶ ጥላ ሥር ስልኩን ሲነካካ የሚውል የስፖርት መምህር አለ። ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ማካካሻ አሳልፎ የሚሰጥ ርዕሰ መምህርም አለ። የልጅዎ ትምህርት ቤት እንዲህ ከሆነ የነገርኩዎት አንዱም አይሠራም። ስለዚህ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ የእንግሊዝኛ መምህሩን ብቻ አነጋግረው አይመለሱ። የስፖርት መምህሩንም ይፈልጉት። ብዙ ወላጅ ወደ እኛ ዝር አይልምና ደስ ይለዋል። በምን ቋንቋ እንደሚያስተምር ይጠይቁት። ልጅዎን የጨዋታ ውጤት መዝጋቢ እንዲያደርግልዎት ይለምኑት። ውጤት የሚመዘግብ ልጅ ጮክ ብሎ መናገሩ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ካለው ደግሞ የክፍል ለክፍል ጨዋታ ውጤቶችን በዕረፍት ሰዓት በእንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ሁልጊዜ ይፈለጋል። አጭር ዜና ነው፣ ቤት ተለማምዶት መሄድ ይችላል። ደግሞም ማን እንዳሸነፈ ለመስማት ሁሉም ጆሮውን ስለሚያቆም አነጋገሩን የሚከታተል የለም።

ቤተ መጻሕፍቱን በተመለከተ፣ ልጁ እዚያ ብቻውን ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ዝምታው ደግሞ አሁንም አላነሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። የሐሰት ወረቀቱም ቢሆን ክፍሉ በሙሉ ነው የሚያውቀው። «በሽተኛው» የሚል ሌላ ስም ያወጡለታል።

እውነተኛ ሕመም ካለበት፣ አስም ወይም የልብ ችግር ለምሳሌ፣ ሐኪሙ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ይጻፍለት። መምህሩ እንደ አቅሙ ያሠራዋል። አስጠኚ መቅጠር ከቻሉ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ለንባብና ለጽሑፍ። አስጠኚው የሳይንስ መጽሐፎቹን ራሳቸውን ይዞ ያስነብበው፣ ሌላ የሰዋስው መጽሐፍ አይግዙ።