ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ስሜት ስሙት

በንግግር ሕክምና ሙያ ለምትጀምሩ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፍላችሁ በመጀመሪያ የሥራ ዘመኔ የሠራሁትን ስሕተት እንዳትደግሙት ስለምፈልግ ነው። ያን ጊዜ መንተባተብን የማክመው ንግግርን በማዘግየትና ድምፅን በለሆሳስ በማስጀመር ብቻ ነበር፤ ንግግሩ ሲስተካከል ፍርሃቱና ሐፍረቱም አብረው የሚጠፉ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ወጣት ታካሚ ነበረኝ። በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ሳይደናቀፍ ያነብ የነበረው ይህ ልጅ፣ ስልክ ደውሎ ስሙን እንዲናገር ስጠይቀው፣ አውራ ጣቱን በመዳፉ ጨብጦ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ የሌላ ሰው ስም ተናገረ። የሚያስፈራውን ቃል ሁሉ በሌላ ቃል መለወጥ ለምዷል፤ የገዛ ስሙ ግን ምትክ የለውም። እኔም ከንፈሩን ስለማላላት ማስረዳቴን ቀጠልሁ። ልጠይቀው የሚገባኝ ስለዚያ ስም ነበር።

ራሱም ይንተባተብ የነበረው የሥነ ልቦና ምሁር ጆሴፍ ሺሃን መንተባተብን በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ መስሎታል፤ ለጆሮ የሚሰማው ከውኃው በላይ ያለው ጥቂቱ ሲሆን ፍርሃቱ፣ ሐፍረቱና የጥፋተኝነት ስሜቱ ከታች ተሰውረዋል። ይህ ሲባል ግን መንተባተብን ጭንቀት ያመጣዋል ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር፣ ከዘር ውርስና ከአንጎል አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ስሜቱ በኋላ ይደረባል፤ ከተደረበ በኋላ ግን ሰውየው ከቃልና ከሰው ይሸሻል፣ ሽሽቱም መልሶ ፍርሃቱን ያበረታዋል።

ስለዚህ ታካሚያችሁ ሲያለቅስ «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ለማለት አትቸኩሉ። ከደግ ልብ የወጣ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስንት ዓመት ያስጨነቀው ነገር «ምንም» ከተባለ በኋላ ለእናንተ የሚነግራችሁ አይኖርም። ቃል ሲያዝበት ምን እንደሚሰማው ጠይቁት፣ ቃሉን አትጨርሱለት፣ ዝምታው ቢረዝምም ጠብቁት። የሰማችሁት ተስፋ መቁረጥ ወይም ሕይወትን መጥላት ከሆነ ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ምሩት።

ፍርሃቱ እንዲቀንስለት ታካሚው ሆን ብሎ በሰው ፊት እንዲንተባተብ የምናደርግበት ልምምድ አለ። እናንተ ቀድማችሁ፣ እሱ እያየ፣ ሳታደርጉት አትጠይቁት። እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ሆን ብዬ ስንተባተብ በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ዝም አለ፤ ደረቴ ጠበበኝ። ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የነበረችው ታካሚ እጄን እያየች፣ «እርስዎም ተንቀጠቀጡ» አለችኝና፣ ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን መናገር ጀመረች።